የሴቶች የጎልፍ ጉዞ ለምታስቡ ሁሉ፦ ይቺን አስተባባሪ እንዳታልፏት

እግዜር ይስጥልን! እንዲህ ያለ ሥራ ሳይመሰገን ቢታለፍ ነውር ነው። 16 ሴቶች፣ ሦስት ዙር ጨዋታ፣ ሁለት የእራት ምሽት፤ ከመጀመሪያው ምት እስከ ሽልማቱ ተገልላ የቆመች ወይም ተቀይማ የተመለሰች አንዲት ሴት አልነበረችም። ይህ የአስተባባሪዋ ሥራ ነው።

ቡድን ይዞ የተጓዘ ሁሉ ምሬቱን ያውቀዋል። ስም አንጠራም። ገንዘብ ተቀብለው የሜዳ ሰዓት ከመያዝ ያለፈ ነገር የማይሠሩ አዘጋጆች አሉ። ምድቦቹን በ7 ደቂቃ ልዩነት ይለቋቸዋል፤ አራት ሰው አንድ ፓር 3 (በሦስት ምት ሊያልቅ የሚገባው አጭር ሆል፣ ማለትም አንድ የሜዳው ክፍል) ተጫውቶ ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን ለስላሳ ሣር) ለመልቀቅ ከዚያ በላይ ስለሚወስድበት የመጀመሪያው ፓር 3 ላይ ሰው ተደራርቦ ይቆማል። ይባስ ብለው የወንዶችን የሃንዲካፕ (እንደ ችሎታ የሚቀነስ ምት) ሰንጠረዥ ለሴቶች ያድላሉ። ከዚያው ቲ (የሆሉ የመጀመሪያ ምት ከሚመታበት ቦታ) ላይ የሴቶች የሜዳ ሬቲንግ (ጎበዝ ተጫዋች ይፈጅባታል ተብሎ የሚገመተው ምት) ከወንዶቹ በበርካታ ምት ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዷ የሚገባትን ምት ተነፍጋ ነጥቧ ያሽቆለቁላል። ጥፋቱ የሰንጠረዡ ሆኖ ሳለ የምታዝነው በራሷ ነው። በመጨረሻም ዋንጫው ሃንዲካፕ ሳይቀነስ በጥሬ ምት ተቆጥሮ ሁልጊዜ ለዚያችው ጎበዝ ይሰጣል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የወዳጅነት ውድድር ብሎ መጥራት ያሳዝናል።

የእኛ አስተባባሪ ግን ገና ከመነሻው የእያንዳንዷን የሃንዲካፕ ኢንዴክስ፣ ማለትም የችሎታ መለኪያ ቁጥሯን፣ እና የምትጫወትበትን ቲ ትጠይቃለች። ኢንዴክሱን በሴቶች ስሎፕ (ሜዳው ከጎበዟ ይልቅ ለመካከለኛዋ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚከብድ በሚያሳየው ቁጥር) አባዝታ ለ113 (ለመደበኛው ስሎፕ) ታካፍላለች፤ የሜዳው ሬቲንግ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው ምት) ያለውን ልዩነት ትደምርበታለች፤ ይህ የሜዳ ሃንዲካፕ ነው፤ ከዚያ ለግል ስቴብልፎርድ (በየሆሉ ነጥብ ለሚሰጥበት ውድድር) 95 በመቶውን ትወስዳለች። ከተለያየ ቲ የሚመቱ ሴቶች በአንድ ውድድር እኩል የሚፎካከሩት ይህ ስሌት በትክክል ሲሠራ ብቻ ነው። የመነሻ ልዩነቱንም 10 ደቂቃ አድርጋ ነው የያዘችው።

የምድብ ወረቀቷ ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። 16 ሰው አራት አራት ሆኖ ሲመደብ አንዷ በሦስት ዙር ከዘጠኝ ሰው ጋር ብቻ ትጫወታለች፤ ስድስቱን ሳታውቃቸው ልትመለስ ነው። እሷ ስድስቱን ለሁለቱ እራቶች አከፋፈለቻቸው፤ አራት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ በየምሽቱ ሦስት ሦስት። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ፣ በትክክል አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኘ! አንድ ጥንድ ከተደገመ ሌላ ጥንድ የግድ ሳይገናኝ ስለሚቀር ስሌቱ ስህተት አይቀበልም። ለሚፈልግ ይኸው፦ ስሞቹን ከ1 እስከ 16 ቁጥር ሰጥታችሁ አራት በአራት አድርጋችሁ ጻፉ። አግድም ረድፎቹ የመጀመሪያው ዙር ምድቦች ናቸው፤ ወደ ታች የሚወርዱት የሁለተኛው። ሦስተኛው ዙር፦ 1፣ 6፣ 11፣ 16፤ ቀጥሎ 2፣ 5፣ 12፣ 15፤ ቀጥሎ 3፣ 8፣ 9፣ 14፤ ቀጥሎ 4፣ 7፣ 10፣ 13። የመጀመሪያው እራት፦ 1፣ 7፣ 12፣ 14፤ ከዚያ 2፣ 8፣ 11፣ 13፤ ከዚያ 3፣ 5፣ 10፣ 16፤ ከዚያ 4፣ 6፣ 9፣ 15። ሁለተኛው እራት፦ 1፣ 8፣ 10፣ 15፤ ከዚያ 2፣ 7፣ 9፣ 16፤ ከዚያ 3፣ 6፣ 12፣ 13፤ ከዚያ 4፣ 5፣ 11፣ 14።

ደግነቷ የታየው ግን በእርሳስ በጻፈችው ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። በእያንዳንዷ ስኮርካርድ፣ በየሆሉ ጎን፣ ኳስ የሚነሳበትን ምት ጽፋበታለች። በስቴብልፎርድ ሃንዲካፕ ተቀንሶ ፓር 2 ነጥብ፣ ቦጊ (ከፓር በአንድ ምት የሚበልጥ) 1 ነጥብ ነው፤ ከዚያ የባሰው ዜሮ ስለሆነ መምታቱን መቀጠል ጊዜ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። የሜዳ ሃንዲካፗ 54 የሆነ ጀማሪ 95 በመቶው 51 ይሆናል፦ ከባድ በሆኑት 15 ሆሎች ሦስት ሦስት፣ በቀሩት ሦስት ሆሎች ሁለት ሁለት ምት ታገኛለች። ሦስት ምት በምታገኝበት ፓር 4 ላይ በስምንተኛው ምት ካስገባች አንድ ነጥብ አላት፤ ካላስገባች ኳሷን ታነሳለች። ጀማሪ ሴት ሰው ፊት ቆማ ይህን ሁሉ ማስላት የለባትም። “በቃሽ፣ አንሺ” የሚላትም የለም፤ ካርዷ አስቀድሞ ነግሯታል። እጇ ይባረክ!

ደንቡንም ከመነሳታችን በፊት ነው የነገረችን። ኳስ የሚፈለገው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ2019 ጀምሮ በተፈቀደው የሜዳ ደንብ መሠረት፣ የጠፋ ወይም ከሜዳ የወጣ ኳስ በሁለት ቅጣት ምት ፌርዌይ (ሣሩ አጥሮ የታጨደው የሆሉ መሀል) ዳር ተጥሎ ይቀጥላል፤ ወደ ቲ የሚመለስ የለም፣ ተጠባባቂ ኳስ (የመጀመሪያው ቢጠፋ የምትቀጥልበትን ሁለተኛ ኳስ) ቀድማ ከመታች በስተቀር። ይህ ደንብ የሚሠራው አዘጋጁ አስቀድሞ ካወጀው ብቻ ነውና መሀል ላይ ትዝ ቢላችሁ ዋጋ የለውም። ነጥብ እኩል ሲሆን የመጨረሻዎቹ 9 ሆሎች፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ የመጨረሻው ሆል ይታያል። ይህም ቀድሞ ስለተነገረ ሽልማት ላይ ክርክር አልተነሳም።

ስለ ሻንጣ የሰጠችው ምክርም ትልቅ ነው፦ ከረጅሙ ዱላ የሚረዝም ጠንካራ ዘንግ መሀል ላይ ይቁም፤ ሻንጣው በአናቱ ቢወድቅ ጫናውን የሚቀበለው ዘንጉ እንጂ የድራይቨሩ፣ የዚያ ረጅም ዱላ፣ አንገት አይሆንም። የዱላዎቹ ጭንቅላት በፎጣ ይጠቅለል።

እህቶቼ፣ ጉዞ ካሰባችሁ እሷን ያዙ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እሷን ያዙ። ስትጠይቋት ስንት እንደሆናችሁ አስቀድማችሁ ቁርጡን ንገሯት። 12 ከሆናችሁ አራት አራት ሆኖ ሳይደጋገሙ መጫወት አይቻልም፤ ያለፈው ዙር ሦስት ምድብ ብቻ ስለነበረው በሁለተኛው ዙር በየምድቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ዳግም ይገናኛል። ለእናንተ ሦስት ሦስት ብትመድብ ይሻላል። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለጠየቀ ሁሉ እሰጣለሁ።