አልፋ ዋን ወይስ ቮልቮ 280፦ ለመኪና ሞተር የቱ ያዋጣል?

ጀልባ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ጓደኞች ካሏችሁ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አትከርሙም። «ከመኪና ላይ የወረደ ደህና ሞተር አለኝ። አልፋ ዋን ደግሞ በርካሽ ተገኝቷል። ልግዛው?» አልፋ ዋን የመርክሩዘር፣ 280 ደግሞ የቮልቮ ፔንታ ድራይቭ ነው። ድራይቭ ማለት ጀልባው ውስጥ ያለው ሞተር የሚያዞረው፣ ከጀልባው ኋላ ውጭ የሚንጠለጠል፣ ፕሮፔለሩን የያዘ እግር ነው። ለየሰዉ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። ሞተሩ ናፍጣ ከሆነ፣ ወይም ጀልባ ላይ ታይቶ የማይታወቅ ዓይነት ከሆነ፣ አልፋውን ተዉት። ቮልቮ ፔንታ 280 ፈልጉ። ኪሳችሁ ከቻለ ተከታዩን፣ 290ን።

«በግማሽ ዋጋ እኮ ነው!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የመርክሩዘር አልፋ ሞልቷል፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ነው። የቮልቮ መለዋወጫ ግን ዋጋው ጣራ የነካ ነው። አልክድም፣ አንዲት ፓራኦሊዮ (የዘይት ማቆሚያ ጎማ) ስገዛ እንኳ ያመኛል። ግን ሒሳቡ ድራይቩ ላይ አያልቅም።

አልፋ ማርሽ የሚለውጠው ታችኛው ክፍል ውስጥ ባለ፣ ጥርስ ለጥርስ በሚነካከስ ክላች ነው። ጉልበት እየተላለፈ ሳለ ጥርሶቹ ሙጭጭ ይላሉ፤ አይላቀቁም። ስለዚህ ፋብሪካው አንዲት ስዊች አስቀምጧል። ወደ ፎሌ ስትመልሱት ስዊቿ ለቅጽበት እሳት ትቆርጣለች፣ ሞተሩ ሲላላ ጥርሱ ይለቃል። ናፍጣ ሞተር ላይ ምኑን ትቆርጣላችሁ? ካንዴላ የለውም! ወደ ማረፊያው እየተጠጋችሁ ማርሹ አልወጣ ሲል ያኔ ርካሹ ይወደዳል።

አዲስ የቤንዚን ሞተርም ብዙ አይገላግልም። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ ሁሉንም የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። እንደ ድሮው አንድ ሽቦ ከቦዲ ጋር አገናኝቶ እሳት መቁረጥ ቀርቷል።

280 ላይ ፍሪሲዮኑ ሾጣጣ ነው፤ የተቀመጠውም ላይኛው ክፍል ነው። ጉልበት ሲጨምር ይበልጥ ይነክሳል፤ ሲወጣ ደግሞ እሳት ቁረጡልኝ አይልም። ቮልቮ ራሱ ይህን ድራይቭ ከቤንዚንም ከናፍጣም ሞተር ጋር ሸጦታል። ሌላም ጥቅም አለው። የማርሽ ገመዱን አያያዝ በመቀየር ፕሮፔለሩን በፈለጋችሁት አቅጣጫ እያዞራችሁ ወደፊት መሄድ ትችላላችሁ። ከድሮ ሆንዳ የወረደ ሞተር ያለው ሰው ይህ ይገባዋል፤ እነዚያ ሞተሮች ከሌላው በተቃራኒ ነው የሚዞሩት። የአልፋ የኋላ ማርሽ ቀኑን ሙሉ እንዲነዳበት አልተሠራም።

የመርክሩዘር ሌላው ድራይቭ፣ ብራቮስ? ሾጣጣ ፍሪሲዮን አለው፣ ጠንካራም ነው። ዋጋውም ክብደቱም ግን የትልቅ ሞተር ነው። አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ድራይቭ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውጭ የሚንጠለጠለው እግር ብቻ ነው። ትራንሰሙ (የጀልባው የኋላ ግድግዳ) ላይ የሚታሰረው ክፍል፣ የቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቤት፣ ሞተሩን ከድራይቩ ዘንግ የሚያያይዘው የጎማ ማገናኛ፣ እግሩን የሚያነሳው ማንሻ የሉበትም። አንድ ወዳጄ ርካሽ እግር ገዝቶ ቀሪውን ሲለቃቅም፣ ሙሉ ጀልባ ከነሞተሩ የሚገዛ ገንዘብ ጨረሰ። ቀፎው የበሰበሰ ጀልባ ካገኛችሁ ሙሉውን ግዙ፣ የሚፈለገውን አውልቁ፣ ቀፎውን ጣሉት። ከዚህ የረከሰ መንገድ አላየሁም።

ጥምርታውንም ጠይቁ፤ ፕሮፔለሩ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከቪ8 የወለቀ አልፋ 1.5 አካባቢ ነው፤ ናፍጣችሁ በ4000 ዙር ሲሠራ ፕሮፔለሩ ወደ 2670 ይዞራል። ከአራት ሲሊንደር የወለቀ 280 ብዙ ጊዜ 2.15 ነው፤ ያው ሞተር ፕሮፔለሩን ወደ 1860 ያወርደዋል። ከባድ ጀልባ በትንሽ ሞተር ለሚገፋ ሰው የሚሻለው ይህኛው ነው። «ማርሹን እቀይረዋለሁ» የምትሉ የማርሹን ዋጋ ጠይቃችሁ ተመለሱ።

ሞተሩን ከድራይቩ የሚያጋባውን ፕሌት ቶርኖ ቤት ታሠራላችሁ። እዚህ ላይ አልፋ ነጥብ ይወስዳል፤ የቮላኖ ቤቱ የሼቭሮሌትን የብሎን አቀማመጥ ይከተላል። ኤልኤስ የሚባለው አዲሱ ሼቭሮሌት እንኳ ይታሰርለታል፤ የክራንክሻፍቱ ጫፍ ወደ 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መግባቱን ግን አትርሱ። ለሌላ ሞተር ሁለቱም ፕሌት ይፈልጋሉ። የፕሌቱ ማዕከል ከክራንክሻፍቱ ጋር ካልገጠመ ድካማችሁ ከንቱ ነው። የመኪና ካምቢዮ ሲገጠም የተለመደው ገደብ 0.13 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኮምፓራቶር (ጥቃቅን ልዩነት የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ) አስሩና ቮላኖውን በእጅ አዙሩ። «በዓይን ይታያል» የሚል ቶርነኛ ጋ አታሠሩ።

ሲሳሳት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የቮላኖው ቤት ሲከፈት ውስጡ እንደ ከሰል ብናኝ ባለ ጥቁር ዱቄት ተሸፍኗል። ሽታው የተቃጠለ ጎማ ነው። ዱቄቱ የማገናኛው ጎማ ነበር። መሃሉ ይዞራል፣ ዳሩ ቆሟል፣ ጀልባው ንቅንቅ አይልም። ያ ማገናኛ ደግሞ ኮፒ ነበር። ናፍጣ ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚደቁሰውን ጎማ በኮፒ አትሞክሩት።

የኮፒ ነገር ከተነሳ፣ ለአልፋ ይበዛል፤ ርካሽ የሚያደርገውም አንዱ ይኸው ነው። ኮፒ ክሮቼራ (የሚተጣጠፈው የዘንግ መገጣጠሚያ) ላይ ማቆሚያ ቀለበቱ ጎድጓዳው ውስጥ ካልተቀመጠ በመዶሻ አትገላግሉት፣ መልሱት። ኮፒ ኩሽኔታ መሪ ስታዞሩ ያንጫርራል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ክሮቼራውን የሚሸፍነው እጥፍጥፍ ጎማ ነው። እሱ ከተቀደደ ውሃ ኩሽኔታውን አልፎ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ታስሮ የቆመ ጀልባ በዚህ ሰበብ ሊሰምጥ ይችላል። በሌላው ቆጥቡ፣ ይህን ኦርጅናል ግዙ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ አልፋ የውሃ ፖምፓው እግሩ ውስጥ ነው። ለ280 ግን ሞተሩ ላይ ፖምፓ ማሰር አለባችሁ፣ ይህም ገንዘብ ነው። አብዛኛው 280 ደግሞ እየሄዳችሁ የምታስተካክሉት ትሪም (የእግሩን ማዘንበል የሚለውጥ) የለውም፤ ፒን ነቅሎ መሰካት ነው። የድሮ ቤንዚን ሼቭሮሌት ያለው ሰው እንግዲያው አልፋውን ይግዛ፣ አልከራከረውም።

ለሁለቱም፣ የመኪናውን ሞተሪኖና ዲናሞ ቤንዚን ጀልባ ላይ አትጠቀሙ። ፍንጣሪያቸው አልታሸገም፤ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከታች ይጠራቀማል። የጀልባውን ግዙ፣ ዋጋውም ቢያም።

280 ልትገዙ ስትሄዱ ጨርቅ ያዙ። ላይኛው ክፍል ላይ የዘይት መለኪያ አለ፤ አውጡት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የሚሞላው የሞተር ዘይት ነው እንጂ የካምቢዮ አይደለም፤ ሻጩ ምን እንደሞላ ጠይቁት። ከዚያ ዘንጉን በእጅ አዙሩ፤ ጓ ካለ ወይም ከጎረበጠ ዋጋ አስቀንሱ። መለኪያውን እንዳታወጡ የሚከለክል ሻጭ ከገጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።