ፕሮግሬሲቭ መነጽር፦ ሌንሱ ይመሰገናል፣ ልኬቱ ይፈተሻል

ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ለመንገዱም ለመጽሐፉም መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ብዙ የሚያቃልልለት ፕሮግሬሲቭ ሌንስ ነው። ላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ መካከለኛው ለኮምፒውተር ርቀት፣ ታችኛው ለንባብ ያገለግላል፤ የሚታይ መስመር የለውም፣ መነጽር ማቀያየርም ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ «አዲሱ መነጽር አልሆነኝም» የሚል ቅሬታ የሚበዛበት ይኸው ሌንስ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ምርቱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መነጽር ቤት ውስጥ፣ ዓይን ሲለካና ፍሬም ሲስተካከል ነው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቁጥር ለማስቀየር ከመሮጥ በፊት ሚሊሜትሮቹን ማስፈተሽ ይሻላል።

ሌንሱ ትንሽ ስህተት እንኳ ለምን እንደማይችል አሠራሩ ይናገራል። የሩቁ ኃይል ወደ ንባቡ ኃይል የሚሸጋገረው ኮሪደር በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ብዥ ማለቱ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ ቫሪሉክስ የተባለው ፕሮግሬሲቭ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣ ጀምሮ የትኛውም አምራች ሊያጠፋው ያልቻለ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። በሚንክዊትዝ ስም የሚጠራው ስሌት እንደሚለው፣ ኃይሉ በኮሪደሩ ቁልቁል በሚጨምርበት ፍጥነት ልክ፣ ያውም በእጥፍ፣ ወደ ጎን የማይፈለግ አስቲግማቲዝም (የሌንሱ ኃይል በየአቅጣጫው ሲለያይ የሚመጣ ብዥታ) ይጨምራል። በቁጥር ሲታይ፦ የንባብ ጭማሪው (አድ የሚባለው) 2.00 ሆኖ ኮሪደሩ 14 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከመሃል በ1 ሚሊሜትር ወደ ጎን በወጡ ቁጥር 0.29 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ያህል ብዥታ ይጨመራል። ብዥታው ከ0.50 በታች የሚሆንበት ስፋት እንግዲህ 3.5 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፋሽን ነው ተብሎ ጠባብ ፍሬም ተመርጦ ኮሪደሩ ወደ 10 ሚሊሜትር ካጠረ ደግሞ ያ ስፋት ወደ 2.5 ይወርዳል። በዚህ ስፋት ላይ 2 ሚሊሜትር የሳተ ልኬት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም።

ሁለቱ ወሳኝ ልኬቶች የብሌን ርቀትና የመግጠሚያ ቁመት ናቸው። የብሌን ርቀት፣ ብዙዎች ፒ ዲ የሚሉት፣ ለፕሮግሬሲቭ ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ከአፍንጫ መሃል ጀምሮ መለካት አለበት። ጠቅላላው 63 የሆነ ሰው ቀኙ 30.5፣ ግራው 32.5 ሊሆን ይችላል፤ 63ን ለሁለት ከፍሎ 31.5 ብሎ የጻፈ ባለሙያ በሁለቱም ዓይን አንዳንድ ሚሊሜትር ስቷል ማለት ነው። የመግጠሚያ ቁመት ደግሞ ከሌንሱ የታችኛው ጠርዝ እስከ ብሌኑ መሃል ያለው ነው። አጭር ኮሪደር ላለው ሌንስ ቢያንስ 14፣ ለመደበኛው 18 ሚሊሜትር ገደማ ይፈልጋል። የሚለካው ፍሬሙ ፊት ላይ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ እያየ፣ በፍሬሙ ማሳያ ፕላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎ ነው። በተግባር ግን ምልክቱ አስቀድሞ ይደረግና፣ መነጽሩ ሊወሰድ ሲመጣ ፍሬሙ ይታጠፋል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል። ያኔ የተለካው ሁሉ ቦታውን ለቋል።

ችግሩ የቁመት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አገጭን ማየት ይበቃል። ለማንበብ አገጭ ቀና ማድረግ ግድ ከሆነና ፍሬሙን በጣት 2 ሚሊሜትር ከፍ ሲያደርጉት ፊደሉ የሚጠራ ከሆነ፣ ሌንሱ ዝቅ ብሎ ተገጥሟል። በተቃራኒው ሩቅ ሲታይ ብዥ እያለ አገጭን ወደ ደረት ሲያስጠጉት ወይም ፍሬሙን ዝቅ ሲያደርጉት የሚጠራ ከሆነ፣ ሌንሱ ከፍ ብሏል፤ ዓይን በሩቁ ክፍል ፈንታ ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ እያየ ነው። የጎን ስህተት ደግሞ አንድ ዓይን ሸፍኖ በማንበብ ይጋለጣል። መጽሐፉን ፊት ለፊት ይዘው በየተራ በቀኝና በግራ ዓይን ሲያነቡ የጠራው ቦታ ለሁለቱም መሃል አካባቢ መሆን አለበት። በአንዱ ዓይን ፊደሉ የሚጠራው መጽሐፉ ወደ ጎን ሲገፋ ብቻ ከሆነ፣ የዚያ ዓይን ልኬት ስቷል።

ማረጋገጫው ሌንሱ ላይ ተቀርጿል። እያንዳንዱ ፕሮግሬሲቭ ሌንስ በ34 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት በጣም ደቃቅ ምልክቶች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ክብ ናቸው። ከጆሮ በኩል ካለው ሥር የአድ ቁጥሩ፣ ከአፍንጫ በኩል ካለው ሥር ደግሞ የአምራቹ ምልክት ይገኛል። ሌንሱን ጥቁር ነገር ፊት ይዘው በጎን ብርሃን ሲያበሩበት፣ ወይም እፍ ብለው ሲያደበዝዙት ይታያሉ። በማይጭር የፌልት ብዕር ነጥብ ይደረግባቸው፤ በመካከላቸው፣ ማለትም ከእያንዳንዳቸው በ17 ሚሊሜትር ላይ፣ የሌንሱ ወገብ ይገኛል። ብሌኑ ላይ ማረፍ ያለበት የመግጠሚያ መስቀል ከዚያ መስመር፣ እንደ ዲዛይኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ትክክለኛው ቁጥር በአምራቹ የልኬት ካርታ ላይ ስላለ መነጽር ቤቱን ካርታውን አውጥቶ በፊትዎ እንዲያመሳክር መጠየቅ ይቻላል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ብዙ ቦታ ግን ካልተጠየቀ አይሠራም።

ልኬቱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ወደ ኃይሉ ይታለፋል። ሌንሶሜትር በሚባለው የሌንስ ኃይል መለኪያ መሣሪያ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከማዘዣው ጋር ሲወዳደር ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው የአጻጻፍ ልዩነት ነው፤ −2.00 +1.00 በ90 የተባለውና −1.00 −1.00 በ180 የተባለው አንድ ሌንስ ናቸው። ስፌሩ (የመጀመሪያው ቁጥር፣ ዋናው ኃይል) እና ሲሊንደሩ (ሁለተኛው፣ አስቲግማቲዝምን የሚያርመው) ይደመራሉ፣ የሲሊንደሩ ምልክት ይገለበጣል፣ አክሲሱ (የሲሊንደሩ አቅጣጫ በዲግሪ) በ90 ይዞራል። ሁለተኛው፣ በዲጂታል የተሠሩ አዳዲስ ሌንሶች ፍሬሙ ፊት ላይ ለሚኖረው ዘንበልታ ሆን ተብሎ ኃይላቸው በጥቂቱ ይስተካከላል። እንዲህ ያለው ሌንስ ከማዘዣው ጋር አይገጥምም፤ መመሳከር ያለበት ላቦራቶሪው ከሌንሱ ጋር በሚልከው ወረቀት ላይ ካለው የተስተካከለ ቁጥር ጋር ነው። ይህን ሳያውቁ «ተሳስቷል» ብለው የሚያስቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። በተረፈ የአሜሪካው አንሲ ዜድ 80.1 መመዘኛ ለፕሮግሬሲቭ እስከ 8.00 ዳዮፕተር ድረስ የ0.16 ልዩነትን ይፈቅዳል። ከዚያ ካለፈ ሌንሱ ይመለስ።

አክሲስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጅ የተጻፈ 18 እና 180 በቀላሉ ይምታታሉ። የስህተቱ ውጤት በሲሊንደሩ መጠን ይወሰናል፦ ሲሊንደሩ 2.00 ሆኖ አክሲሱ በ10 ዲግሪ ቢስት 0.70 ዳዮፕተር የሚጠጋ አዲስ አስቲግማቲዝም ይፈጠራል፤ በ30 ዲግሪ ቢስት ያልታረመውን ያህል ይሆናል። ሲሊንደሩ 0.25 ከሆነ ግን 10 ዲግሪ እንኳ ብዙም አይሰማም። ሌንሶሜትሩ ላይ ፕሪዝም (ምስሉን ከቦታው የሚያዛውር የሌንስ ባሕርይ) ቢታይ ወዲያው አይደንገጡ፤ ላቦራቶሪዎች ሌንሱን ቀጭን ለማድረግ በሁለቱም ዓይን እኩል፣ የአዱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ፕሪዝም ወደ ታች ይጨምራሉ። ጉዳት የሚያመጣው በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የቁመት ፕሪዝም ልዩነት ነው፤ ራስ ምታትና ነገር ድርብ ሆኖ መታየት ከዚያ ይመጣል።

አሁን ወደ ርካሹ መፍትሔ፣ ወደ ፍሬሙ። ሌንሱ ከዓይን ከ12 እስከ 14 ሚሊሜትር ርቆ፣ ታችኛው ጠርዝ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ወደ ጉንጭ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ ፕሮግሬሲቭ በደንብ ይሠራል። ነገሩ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ዓይን በቀረበ ቁጥር የሚታየው ይሰፋል። አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሲጠበቡ ፍሬሙ ይነሳል፣ ሲሰፉ ይወርዳል፤ የቁመት ስህተት 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከሆነ በዚህ ብቻ ይድናል። ሙሉ ፕላስቲክ የሆኑና አፍንጫ ላይ የማይስተካከሉ ፍሬሞች ይህን ዕድል ስለማይሰጡ ለመጀመሪያ ፕሮግሬሲቭ አንመክራቸውም። ከ4.00 በላይ ለሆነ ቁጥር ርቀቱ ራሱ ኃይል ይለውጣል፦ −8.00 ሌንስ 5 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲንሸራተት ዓይን የሚያገኘው ኃይል በ0.30 ያህል ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ መነጽር ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ሩቁ ማታ ማታ ቢደበዝዝበት አይገርምም።

ስለ ቁሳቁሱ ብዙ አንልም። በመብራቶችና በፊደል ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ከታየ ምክንያቱ ሌንሱ ብርሃንን መበተኑ ነው። ይህ አቤ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ከፍ ያለው ይሻላል። ተራው ፕላስቲክ 58 ገደማ ሲሆን 1.67 የሚባለው ስስ ሌንስ 32፣ ፖሊካርቦኔት 30 ነው። ከ3.00 በታች ቁጥር ላለው ሰው ስስ ሌንስ መሸጥ፣ በእኛ እምነት፣ ብዙ ጊዜ ለሻጩ ነው የሚጠቅመው።

አዱም ቢሆን ልክ አለው። መጽሐፍ 25 ሴንቲሜትር ላይ ካልቀረበ የማይጠራ ከሆነ በዝቷል፤ እጅ ተዘርግቶ ብቻ የሚጠራ ከሆነ አንሷል። «ትንሽ ጠንከር ይበልልኝ» ማለት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ አዱ ባደገ ቁጥር ኮሪደሩ ይጠብባል፣ ጎኑ ይበልጥ ይዋኛል።

መልመድ የሚባለው ነገር እውነት ነው፤ ወሰን ግን አለው። ወለሉ ያዘነበለ መምሰል፣ ጎን ሲታይ ነገር መዋኘት፣ ደረጃ ሲወርዱ መስጋት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ አሮጌውን መነጽር ማቀያየር መልመዱን ያጓትታል፤ ደረጃ ላይ አገጭን ዝቅ አድርጎ በላይኛው ክፍል ማየት ይረዳል። አንድ ዓይን ብቻ ከደበዘዘ፣ ነገር ድርብ ሆኖ ከታየ ወይም አንገት ካልተጣመመ ካልጠራ ግን ቀን መቁጠር አያድንም። ሳይለካ «ይለምዱታል» የሚል መልስ አይቀበሉ።

የቀረው ጥርጣሬ ዓይኑ ራሱ ነው። በካርቶን ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ በስቶ መነጽሩን እንዳደረጉ በአንድ ዓይን በቀዳዳው ሩቅ ማየት ነገሩን ይለያል፦ ከጠራ ስህተቱ የቁጥር ወይም የሌንስ ነው፤ ካልጠራ የዓይን ሐኪም ይየው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የደሙ ስኳር ሳይረጋ ከተለካ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ይቀያየራል፤ እየጀመረ ያለ የዓይን ሞራም ቁጥሩን ወደ ማይነስ ይስባል። የዓይን ድርቀት ደግሞ ሲርገበገቡ የሚጠራና ወዲያው የሚደበዝዝ እይታ ያመጣል። ድንገት የመጣ ብዥታ፣ ብልጭታ፣ መጋረጃ የመሰለ ጥላ ወይም ሕመም ካለ የመነጽር ወሬ ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ወደ መነጽር ቤት ሲመለሱ ማዘዣውንና አሮጌውን መነጽር ይዘው ይሂዱ፤ በአሮጌው የለመዱት የሌንስ ኩርባ ከአዲሱ ከተለየ ያ ብቻውን ነገር እንዲጣመም ያደርጋል። ቅሬታው «አያሳየኝም» ከሚሆን፣ በየትኛው ዓይን፣ በምን ርቀት፣ አንገት በምን ሁኔታ ሲሆን እንደሚደበዝዝ ይነገር። ቅደም ተከተሉ ፍሬም ማስተካከል፣ ከዚያ የተቀረጹት ምልክቶች፣ ከዚያ ሌንሶሜትር፣ ዓይን እንደገና መመርመር በመጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እርምጃ አያልፍም።

ይህ ሌንስ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። ጋደም ብሎ የሚያነብ፣ ከራሱ በላይ ያለ ነገር ቀርቦ የሚያይ ኤሌክትሪሺያን ወይም ቀለም ቀቢ፣ የሁለቱ ዓይኖቹ ቁጥር እጅግ የሚራራቅ፣ በማዞር በሽታ የሚቸገር ሰው ቢያስብበት ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ላይ ስክሪን የሚያይ ሰው መካከለኛው ክፍል የሚጠብበት ስለሆነ ለዚያ ርቀት ብቻ የተሠራ የቢሮ ሌንስ በተጨማሪ ይያዝ። መስመር ያለው ባይፎካልም አልሞተም፤ መስመሩ ከታችኛው የዓይን ሽፋን ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ከተገጠመ ሩቁን በሙሉ ስፋት፣ ንባቡንም ሰፋ አድርጎ ይሰጣል፤ መካከለኛው ርቀት ብቻ ይጎድለዋል።