ፊቱ ያልተናገረውን ሙዚቃው የተናገረበት ፊልም፦ የ«ሜሪ ክሪስማስ፣ ሚስተር ሎረንስ» የብሉ ሬይ ዕትም

ሙዚቀኛ ወደ ፊልም ትወና ሲሻገር ተመልካች አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ነው። ጃፓናዊው ሪዩይቺ ሳካሞቶ በ1983 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ የተወነበት ፊልም ላይ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ አያራምድም፤ ሳካሞቶ ራሱ ትወናው ደካማ እንደነበር በተለያዩ ጊዜያት ያለ ማቅማማት ተናግሯልና። የሚያራምደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ የሙዚቃ ሰው በማያውቀው ሙያ ውስጥ የአቅሙን ልክ ሲረዳ ምን ያደርጋል? የአሜሪካው የፊልም ዲስክ አሳታሚ ክራይቴሪየን በ2010 ያወጣው የ«ሜሪ ክሪስማስ፣ ሚስተር ሎረንስ» ዲስክ፣ ፊልሙንና ተጓዳኝ ቃለ መጠይቆቹን በአንድ ላይ ስለያዘ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ተመልካች ከማውቃቸው ዕትሞች ሁሉ የተሻለው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1942 በጃቫ ደሴት፣ ጃፓኖች በሚያስተዳድሩት የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ሳካሞቶ የካምፑን አዛዥ ሻምበል ዮኖይን ሆኖ ይጫወታል፤ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ለመሸነፍ እምቢ ያለውን ምርኮኛ ሻለቃ ጃክ ሴሊየርስን፣ ቶም ኮንቲ ጃፓንኛ የሚናገረውን ሎረንስን፣ በዚያን ጊዜ በአገሩ በኮሜዲያንነቱ ይታወቅ የነበረው ታኬሺ ኪታኖ ደግሞ ጨካኙንና ሆደ ባሻውን ሃምሳ አለቃ ሃራን ይጫወታሉ። ዳይሬክተሩ ናጊሳ ኦሺማ ከአራቱ ዋና ሚናዎች ሦስቱን በትወና ስማቸውን ላልገነቡ ሰዎች የሰጠው እያወቀ ነው። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ከጦርነቱ ይዘት ይልቅ ይህ ምርጫው ነው።

ሳካሞቶ በቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰት የተማረ፣ ከ1978 ጀምሮም የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ዝናን ያተረፈ ሰው ነበር። ኦሺማ ሚናውን ይዞለት ሲመጣ ሳካሞቶ የፊልሙን ሙዚቃም እንዲሠራ ከተፈቀደለት እንደሚተውን ነገረው፤ ኦሺማም ተስማማ። ይህ የታወቀ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ወጣት ድፍረት ይነገራል፤ እኔ ግን ከድፍረት ይልቅ እንደ ጥንቃቄ አየዋለሁ። ሳካሞቶ ወደማያውቀው ቤት ሲገባ የሚያውቀውን መሣሪያ ይዞ ገባ። እስከዚያን ቀን ድረስ ለእንዲህ ያለ ፊልም ሙዚቃ ሠርቶ አያውቅም ነበርና፣ የጠየቀውም ቢሆን ዕዳ ያለበት ዕድል ነበር።

ትወናውን በተመለከተ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ይህ ዲስክ የያዘው የታደሰ ምስልም ምንም አይደብቅም። ሳካሞቶ ሰውነቱ ግትር ነው። እንግሊዝኛ ንግግሩ ላይ ያለው ችግር ከቅላፄው አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል በእኩል ክብደት እየጣለ ስለሚሄድ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ጆሮ አይለይም። ሐሳብ ከንግግሩ በፊት በፊቱ ላይ ብቅ ብሎ አይታይም፤ ቃሉ ይወጣል፣ ፊቱም ከኋላ ይከተላል። ዮኖይ ከሎረንስ ጋር በሚነጋገርባቸው ትዕይንቶች፣ በተለይም በ1936 የካቲት በቶኪዮ በተካሄደው የመኮንኖች አመፅ ውስጥ ከጓዶቹ ጋር አለመሞቱን በሚያነሣበት ጊዜ፣ የሰውየው የሕይወት ቁስል በተዋናዩ አንደበት ውስጥ ሲጠፋ ይሰማኛል። ጽሑፉ ጠንካራ ነው፤ ኮንቲ በጥሞና ያዳምጣል፤ ከሳካሞቶ በኩል ግን የሚመለስ ነገር የለም። ይህን ድክመት የገጸ ባሕርይው ወታደራዊ ሥርዓት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ሐያሲዎችም እንዲሁ ብለው አልፈዋል። እኔ በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። ዮኖይ ግትር ሰው ቢሆንም፣ ግትርነትን መጫወትና ግትር መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሳካሞቶ ዝም ሲል ነገሩ ይለወጣል። ዮኖይ ሴሊየርስን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያይበት የችሎት ትዕይንት ካሜራው ወደ ፊቱ እየቀረበ ይሄዳል። ፊቱ ምንም አይናገርም፤ ዓይኖቹ ብቻ ከመደበኛው ጊዜ አልፈው ይቆያሉ። ሳካሞቶ እዚህ ላይ የሚጠቀመው የተዋናይነት ዘዴ ሳይሆን ዕረፍት ምን ያህል መርዘም እንዳለበት የሚያውቅ የሙዚቃ ሰው ችሎታ ነው። ያለ ቃል የሚቆምባቸው፣ በሰይፍ የሚለማመድባቸውና በሰልፍ ፊት የሚራመድባቸው ቦታዎች ሁሉ ትክክለኛ ምት አላቸው። ጊዜን ከብዙ ተዋናዮች አብልጦ ያውቃል፤ ያላወቀው ጊዜን በቃላት መሙላትን ነው።

ከዚያም ሙዚቃው አለ። ሳካሞቶ ራሱን በፊልሙ ውስጥ ባየ ጊዜ በትወናው ደንግጦ፣ ትወናው የደከመባቸውን ቦታዎች በሙዚቃ ለማገዝ እንዳሰበ ተናግሯል። ይህ የትሕትና ንግግር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፊልሙን በዚህ ዲስክ በስቴሪዮ ድምፅ ስሰማው ግን የሥራ ዕቅድ እንደነበረ ተረዳሁ። ሲንተሳይዘርና ሳምፕለር በመሳሰሉት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የተሠራው ዋና ዜማ እንደ ደወል በሚያስተጋቡ ድምፆች ይጀምራል፤ ጋሜላን የሚባለውን የኢንዶኔዢያ የነሐስ ደወሎች ሙዚቃ ያስታውሳል፣ ግን ጋሜላን አይደለም፤ የጃፓን ዜማ ይመስላል፣ ግን ከስሩ ያለው የኅብረ ድምፅ አካሄድ የአውሮፓ ነው። የትኛውም አገር የእኔ ነው ሊለው አይችልም። ዮኖይም እንዲሁ ነው፤ ለጠላቱ ያለውን ስሜት በአገሩም ሆነ በጠላቱ ቋንቋ ስም ሊሰጠው ያልቻለ ሰው ነው። ሳካሞቶ ተዋናዩ ያንን ስሜት መናገር ስላቃተው ሳካሞቶ ሙዚቀኛው ዜማ አድርጎ ሠራው፤ ስለዚህ ዮኖይን በትክክል የምናውቀው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው።

የዚህ ማረጋገጫው ሴሊየርስ ከሰልፉ ወጥቶ፣ ዮኖይ አንገቱን ሊቀላው ካዘጋጀው የምርኮኞች አለቃ ፊት ቆሞ፣ ሻምበሉን ሁለት ጉንጩን የሚስምበት ትዕይንት ነው። ምስሉ በዚያች ቅጽበት እየተንቀጠቀጠ ይዘገያል፤ ይህም ካሜራው ላይ በደረሰ እክል የተፈጠረና ሆን ተብሎ እንዲቀር የተደረገ መሆኑ ይነገራል። ሳካሞቶ ሰይፉን አንሥቶ፣ ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። ድምፁን አጥፍቶ ለሚያየው ሰው ውድቀቱ የተጋነነ፣ ከመድረክ የተወሰደ እንቅስቃሴ ነው። በድምፁ ሲታይ ግን ሰውየው ከውስጥ የፈረሰ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ሙዚቃው ከእሱ ቀድሞ ፈርሷልና።

እንደ እሱ ከሌላ ሙያ የመጡትን ሁለቱን ከእሱ ጎን ማየት ትምህርት ይሰጣል። ቦዊ በወጣትነቱ ያለ ቃል በሰውነት ብቻ የሚሠራውን የማይም ትወና ከሊንዚ ኬምፕ ተምሯል፤ በ1980ም በኒው ዮርክ መድረክ ላይ አካሉ የተበላሸን ሰው ያለ ምንም ሜካፕ፣ በሰውነቱ ብቻ ተጫውቷል። ስለዚህ ሊገደል ሲጠብቅ በእስር ክፍሉ ውስጥ የሌለ ምላጭ ይዞ ሲላጭ፣ የሌለ ሻይ ሲጠጣ በሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ያምናል። ኪታኖ ደግሞ ሁሉንም ይበልጣቸዋል፤ የፊልሙ የመጨረሻ ምስል የእሱ ፊት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይም አያስፈልገውም። ቦዊ ስለ ቀረጻው ሲናገር፣ ኦሺማ ጃፓናውያኑን ተዋናዮች እስከ ትንሿ እንቅስቃሴ ድረስ ሲመራቸው፣ እሱንና ኮንቲን ግን እንደ ልማዳቸው እንዲያደርጉ ይተዋቸው እንደነበር ገልጿል። ሳካሞቶና ኪታኖ፣ ኦሺማ በቁጡነቱ የታወቀ ስለነበር፣ ከጮኸባቸው ሁለቱም ሥራውን ጥለው ለመሄድ ተስማምተው እንደነበር ይነገራል፤ ዳይሬክተሩም በእነሱ ላይ አልጮኸም፣ ቁጣው በአጠገባቸው ባሉት ላይ ይወርድ ነበር እንጂ። ያልተማረን ተዋናይ ከመሸማቀቅ መጠበቅም የዳይሬክተር ሙያ ነው።

ወደ ዕትሙ ልመለስ። የቶይቺሮ ናሩሺማ ቀረጻ በዚህ እድሳት ላይ በደንብ ተጠብቋል፤ በኩክ ደሴቶች፣ በራሮቶንጋ የተቀረጸው ለምለም መሬት ቀለሙ አልተጋነነም፣ የፊልሙ ቅንጣትም፣ ማለትም የምስሉ ተፈጥሯዊ ሻካራነት፣ በማለስለሻ አልጠፋም። የሳካሞቶ ሜካፕ፣ በተለይም የዓይኑ ኩል፣ ቀድሞ ከማውቃቸው ቅጂዎች ጎልቶ ይታያል፤ ይህ ደግሞ ዮኖይ ራሱን እንደ መድረክ ሰው የሚያዘጋጅ መሆኑን ግልጽ ያደርገዋል።

ከተጓዳኝ ዝግጅቶቹ መካከል ለዚህ ርዕስ ዋጋ ያላቸው ከፕሮዲውሰሩ ጄረሚ ቶማስ፣ ከስክሪፕት ጸሐፊው ፖል ሜየርስበርግ፣ ከኮንቲና ከሳካሞቶ ጋር የተደረጉት ቃለ መጠይቆች ናቸው። ሳካሞቶ የሚናገረው በዝግታ ነው፤ የራሱን ሥራ የሚመዝነውም ያለ ምሬት ነው፤ ሌሎቹ ስለ እሱ ከሚሉት ጋር አጣምሮ መስማት ይጠቅማል። በፊልሙ ዘመን የተሠራው አጭር የዝግጅት ፊልም ኦሺማንና ተዋናዮቹን በወጣትነታቸው ያሳያል። ፊልሙ የተመሠረተበትን ድርሰት ስለጻፈው ሎረንስ ቫን ደር ፖስት የተሠራው የ1996 ዘጋቢ ፊልም ግን ከትወናው ጉዳይ ይርቃል፤ ለድርሰቱ ታሪክ ለሚጨነቅ ሰው ብቻ ነው። በቡክሌቱ ውስጥ የኦሺማ የ1983 ቃለ መጠይቅ መታተሙ ትልቅ ነገር ነው።

የጎደለው ነገርም ቀላል አይደለም። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከተል የድምፅ ማብራሪያ የለም፤ ሳካሞቶ የራሱን ትዕይንቶች እያየ፣ ሙዚቃው የት እንደገባና ለምን እንደገባ ቢያስረዳ ኖሮ ለሙዚቀኞችም ሆነ ለተዋናዮች መማሪያ ይሆን ነበር። እሱ በመጋቢት 2023 ስላረፈ ይህ ዕድል ዳግመኛ አይገኝም። ከቦዊና ከኪታኖ ጋርም አዲስ ቃለ መጠይቅ አልተደረገም፤ ከሌላ ሙያ የመጡትን ሦስቱን ተዋናዮች ማወዳደር ለሚፈልግ ተመልካች ይህ ክፍተት ይሰማል።

ፊልሙ ለሳካሞቶ ያስገኘው ነገር ውስንነቱን ምን ያህል በትክክል እንደመዘነው ያሳያል። ሙዚቃው የብሪታንያ ፊልም አካዳሚን ሽልማት አገኘ። ቀጥሎም ጣሊያናዊው ዳይሬክተር በርናርዶ በርቶሉቺ በ1987 በወጣው «ዘ ላስት ኤምፐረር» ውስጥ መጀመሪያ በተዋናይነት ብቻ ጋበዘው፤ ሙዚቃውን እንዲሠራ የተጠየቀው በኋላ ነው፤ ከዴቪድ በርንና ከኮንግ ሱ ጋር የኦስካር ሽልማት የተቀበለውም በዚያ ሙዚቃ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ያለው ሚናው አነስተኛ፣ ንግግሩም ቁጥብ ነው፤ ስለዚህም ከዮኖይ ይልቅ የተስተካከለ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ትወናን እንደ ዋና ሙያ አልያዘውም፤ ለፊልም ሙዚቃ መሥራቱን ግን እስከ ዕድሜው ማብቂያ ቀጠለ።

ዲስኩን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ብሉ ሬዩ ለሰሜን አሜሪካ ክልል የተዘጋጀ ስለሆነ ማጫወቻው «ክልል ኤ» (Region A) የተባለውን የሚያነብ መሆን አለበት፤ የትርጉም ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። እነዚህ ከተሟሉ፣ ፊልሙን ከቃለ መጠይቆቹ በፊት፣ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ወይም በጆሮ ማዳመጫ እንዲያየው እመክራለሁ፤ በቴሌቪዥን ትንንሽ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ሰው የሳካሞቶን ትወና ግማሽ ያህሉን ብቻ ያያል።