ለአማቴ ቅድመ አያቷን ላገኘችላት ሴት ምስጋና

እኛ ሰባት ቤት እየቆጠርን ነው ያደግነው። የባለቤቴ እናት ግን ከሦስተኛው ቤት በላይ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ሜልቦርን ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው። "የእኛ ሰዎች ትኬታቸውን ቆርጠው የመጡ ናቸው" ይሉ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ የግዞተኛ፣ ማለት ድሮ ከእንግሊዝ ተፈርዶበት በመርከብ የተላከ እስረኛ፣ ዘር መባል ድሮ ነውር ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ብዙ ሰው ይኮራበታል፤ አማቴ ጋ ግን ዜናው አልደረሰም።

ዘንድሮ ልጄ የቤተሰብ ሐረግ ሥሪ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። የእኔን ወገን እናቴ ጋ ደውለን በአሥር ደቂቃ ጨረስን። በአባቷ በኩል ተቀረቀርን። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ከፈልን፤ በሳምንቱ ባለቀለም የሚያምር ሰንጠረዥ ላከልን። ስናየው የአማቴ ቅድመ አያት ናት የተባለችው ሴትዮ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ወልዳለች! ለካ ሰውየው ያገኘው ሞክሼዋን ነው። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሴቶች ስም እንደ አልማዝ በየቤቱ አለ። ብራችን ቀለጠ።

ከዚያ ጓደኛዬ ታዝማኒያ ደሴት፣ ሆባርት ከተማ የምትኖር የዘር ሐረግ አጥኚ ጠቆመችኝ። ይቺ ሴት ሥራውን ከላይ አልጀመረችም። ከአማቴ የልደት ወረቀት ተነሳች፤ ከዚያ ወደ እናታቸው፣ ወደ አያታቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደች። በመጨረሻ የአማቴ ቅድመ አያት የጋብቻ ፈቃድ ላይ ደረሰች። ግዞተኛ በዚያ ዘመን ያለ አገረ ገዢው ፈቃድ አያገባም ነበር። ፈቃዱ ላይ ደግሞ የመጣችበት መርከብ ስም አለ። "ስም ይመሳሰላል፤ እኔ የምይዘው መርከቡን ነው" አለችኝ።

መርከቡ ራጃ ይባላል። 180 ሴት እስረኞች ጭኖ ጁላይ 19 ቀን 1841 እ.ኤ.አ. ሆባርት ገባ። ታዝማኒያ ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል ነበር፤ እስከ 1853 ድረስ ወደ 75,000 ግዞተኛ ተልኮባታል። የእኛዋ ጥፋት ሻል መስረቅ ነው። ለአንድ ሻል ሰባት ዓመት!

መዝገቡን ስታነብልን ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ። ፊት፦ ፈንጣጣ የነካው። ቁመት፦ አራት ጫማ ከአሥራ አንድ ኢንች። አማቴ ምንም ሳይናገሩ ተነሱ። ጫማቸውን አውልቀው የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙና "ለኩኝ" አሉ። ለካናቸው። አራት ጫማ ከአሥራ አንድ።

ይቺን ሴት እንድጠቁማችሁ ያደረገኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ኤልዛቤት ፍራይ የተባለችው የእስረኞች ተቆርቋሪ ያቋቋመችው የሴቶች ማኅበር ለተጋዦቹ መርፌ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጥ ነበር። የራጃ ሴቶች በጉዞው ላይ 2,815 ቁራጭ ገጣጥመው ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፉ። የት እንደገባ ሳይታወቅ ኖሮ በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ ተገኘ፤ አሁን ካንቤራ በብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ "የእኔ አያት ናታ የሰፋችው!" አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን "አዎ" ብሎ ሒሳቡን ይቀበል ነበር። አጥኚዋ ግን "መርከቡ ላይ ነበረች፤ ይሄ ተጽፏል። መርፌ መያዟ ግን የትም አልተጻፈም" አለች። አማቴ ትንሽ ከፋቸው። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ነው ያመንኳት።

ደግሞ ዋጋዋ አይጎዳም። የታዝማኒያ የግዞተኞች መዝገብና የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ችሎት ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚገኙ ራሷ ነገረችን፤ ያስከፈለችን የሠራችበትን ሰዓት ብቻ ነው። ቀድመን ከከፈልነው የሁለት ሰዓቱን መለሰችልን። ኢሜል ላይ ግን ቀርፋፋ ናት፣ ብትደውሉ ይሻላል። ስልኳን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ እሷም ፈቅዳለች።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አማቴ አሁን ካንቤራ ሊሄዱ ነው። የአልጋ ልብሱ እንዳይጎዳ ሁልጊዜ ለዕይታ ስለማይወጣ፣ መቼ እንደሚወጣ በየሳምንቱ እየደወሉ ሙዚየሙን እያስቸገሩ ናቸው። የልጄ የቤት ሥራም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ገባ።