የሃራጁኩን ቀሚስ ጎንደር ላይ ማሰፋት

መጀመሪያ ፍርዱን ልስጥ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ቅርጽ ማውጣት ይችሉበታል፣ እጃቸው ላይ ጥያቄ የለኝም። ጨርቁን ግን ራሳችሁ ግዙ። ቀጠሯቸውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ቅሬታም ስላለኝ ስማቸውን ትቼዋለሁ።

ያሰፋሁት ሃራጁኩ በሚባለው የቶኪዮ የወጣቶች ፋሽን ሰፈር የታወቀውን፣ ሎሊታ የሚባለውን የጃፓኖች ቀሚስ ነው። ወገቡ ጥብቅ፣ ታቹ ሽንሽን ሆኖ የተነፋ፣ ጉልበት አካባቢ የሚቀር፣ ዳንቴልና ሪባን የማይጎድለው። ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። እዚህ ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ማራኪ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የማውቃቸው ልጆች ስልካቸው ላይ ፎቶ እየሰበሰቡ "ይህን ማን ይሰፋልናል" ማለት ጀመሩ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁበት።

ገዝተሽ አትለብሽም ወይ ለምትሉኝ፣ ዋጋው ነዋ! ቤቢ ዘ ስታርስ ሻይን ብራይትም ሆነ አንጀሊክ ፕሪቲ የሚባሉት የጃፓን ሎሊታ ብራንዶች አዲስ ቀሚስ የሚሸጡት 30,000 የን አካባቢ ነው። በዛሬ ምንዛሪ ከ25,000 ብር በላይ ማለት ነው፣ ያውም ፖስታና ቀረጥ ሳይደመር። ያገለገለ የሚሸጡም አሉ፤ ቶኪዮ ውስጥ ክሎዜት ቻይልድ የታወቀ ነው። ሳልለካ መግዛት ግን ለእኔ አይሆንልኝም።

ደግሞ ሱቆቹም ሰፈሩም እንደ ድሮው አይደሉም (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሃራጁኩ ውስጥ እሑድ እሑድ መንገዱ ለመኪና ይዘጋ ነበር፤ ወጣቱ የፈለገውን ለብሶ የሚወጣው፣ የሚተያየው እዚያ ነው። 1998 ላይ ያ ቀረ። ሾይቺ አኦኪ የሚባለው ፎቶ አንሺ ግን በ1997 ፍሩትስ የሚል መጽሔት ጀምሮ ስለነበር የመንገዱን ልጆች እያነሳ ለዓለም አሳያቸው። ብዙዎቹ ከሱቅ የገዙትን፣ አሮጌውንና እቤት ራሳቸው የሰፉትን አደባልቀው ነበር የሚለብሱት። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ 2008 ላይ ኤችኤንድኤም የሚባለው የውጭ የልብስ ሱቅ ሃራጁኩ ገባ፣ በዓመቱ ፎርኤቨር 21 ተከተለ። ርካሽ ልብስ በየሳምንቱ እየተቀያየረ ሲቀርብ ለአንድ ቀሚስ ወራት የሚያጠራቅም ልጅ መቀነሱ የማይቀር ነው። የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም 2009 ላይ ሚሳኮ አኦኪ የምትባለዋን ሎሊታ ለባሽ የካዋይ (የሚያሳሳ ቁንጅና እንደማለት ነው) አምባሳደር አድርጎ ሾመ። መንግሥት ሹመት ሲሰጠው ፋሽኑ ከመንገድ እየወጣ ነው ባይ ነኝ፣ የራሴ ግምት ነው። 2017 ላይ አኦኪ፣ ፎቶ አንሺው ማለቴ ነው፣ ፎቶ የሚነሳ ለባሽ ጠፋ ብሎ መጽሔቱን አቆመ። ኬራ እና ጎቲክ ኤንድ ሎሊታ ባይብል የሚባሉት የፋሽን መጽሔቶችም በዚያው ዓመት መታተማቸው ቀረ። ፎርኤቨር 21 ራሱስ ቢሆን? 2019 ላይ ጃፓንን ለቆ ወጣ። ከ1978 ጀምሮ የቆመው ላፎሬ የሚባለው የገበያ ሕንፃ ግን አሁንም እዚያው ነው፣ እነዚህን ቀሚሶችም ይሸጣል። ስለዚህ "ሃራጁኩ ሞቷል" የሚሉትን አልሰማቸውም። ለባሹ ከመንገድ ወደ ስልክ ገባ እንጂ የትም አልሄደም፤ ባይገባማ ጎንደር ድረስ ማን ያመጣው ነበር?

ወደ ልብስ ሰፊው እንመለስ። ፎቶውን ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው "እታለም፣ ይህ የሕፃን ልደት ቀሚስ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። "አይ ጋሼ፣ የትልቅ ሰው ነው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አልቀለዱም። ቀሚሱ ሦስት ሜትር ተኩል ጨርቅ በላ። ሽንሽኑን አንድ በአንድ በጣታቸው እየለኩ ነው የያዙት፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ነው፣ የተጨማደደ ቦታ የለውም። እኔ ሳልጠይቃቸው ከኋላ ወገቡ ላይ ላስቲክ አስገቡበት። ጃፓኖቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ብትወፍሪም ብትከሺም ይሆንሻል።

ታቹን የሚነፋው የውስጥ ልብስ የሥራው ግማሽ ነው። እሱ ከሌለ ሽንሽኑ ወርዶ ይተኛል፣ ተራ ጉርድ ቀሚስ ትሆናላችሁ። እሳቸው ከቬሎ የተረፈ ቱል ነበራቸውና እሱኑ ደራርበው ሰፉት። ቅርጹ ቁጭ አለ። ግን ያሳክካል፣ በጣም ያሳክካል፤ ከውስጥ ገበር ይግባበት ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጨርቁ ላይ ነው የተናደድኩት። እሳቸው ጋ ያለው የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ነው፤ ለዚህ ቀሚስ የሚያምረው ጥጥ ነው። ዳንቴሉም የመጋረጃ ዳንቴል፣ ደረቅ። ጓደኛዬ ጥጥ ከቅዳሜ ገበያ ገዝታ ሄደች፣ ጠርዙንም በዳንቴል ፈንታ ከአሮጌ የሐበሻ ቀሚስ በተቆረጠ ጥለት አስደረገችው። ከእኔ በልጦ ወጣ። (ቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ።) "ብራንድ ካልሆነ፣ የሎሊታን አለባበስ ሕግ ካልጠበቀ አይቆጠርም" የሚሉ ልጆች አሉ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥም። ለእነሱ ነው ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁ፤ ፍሩትስ ላይ ከወጡት ልጆች ስንቱ እቤቱ የሰፋውን ለብሶ ነው የቆመው! የጓደኛዬ ጥለት ከየትኛውም ኦሪጅናል ይልቅ ለዚያ መንገድ የቀረበ ነው።

ለብሶ መውጣቱ ቀላል ነው አልላችሁም። ባጃጅ ውስጥ ቀሚሱ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሾፌሩም "ሙሽሪት ነሽ እንዴ? ሚዜዎቹስ?" ማለቱ አይቀርም። የገረመችኝ እናቴ ናት። ጉልበት የሚሸፍን፣ እጅጌ ያለው፣ አንገቱ የተዘጋ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ "ይህማ የጨዋ ልብስ ነው" ብላ አረፈች። የተቀዳደደውን ጂንሴን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሒሳቡ፣ ጨርቁን፣ የውስጡንና የእጅ ዋጋውን ጨምሮ ወደ 5,000 ብር ወጣብኝ። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ቅዳሜ ይደርሳል የተባልኩት ቀሚስ ሌላም ቅዳሜ አልፎ ነው የመጣው፤ ስደውል "እየተኮስኩት ነው" ይሉኛል፣ ስሄድ ገና አልተቆረጠም። በተለይ ከገና በኋላ እንዳትሞክሩ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እያለ ከተማው ሁሉ የአገር ልብሱን ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው፣ የእናንተ ሽንሽን ከሁሉም ሥር ይቀበራል። ኅዳር ላይ ስጧቸው፤ ቀብዱንም ከግማሽ በታች አድርጉት፣ ቢያጉረመርሙም ይቀበላሉ።