ደሴ ላይ ምድር ቤት የምታሠሩ፦ ክረምት ሳያየው ሒሳብ እንዳትዘጉ

ጥቅምት ገብቷል፣ ዝናቡ ቆሟል፣ የቤት እድሳት ሰሞን ነው። ምድር ቤቱን የእንግዳ መኝታ ሊያደርግ ያሰበ ሰው ካለ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ይቺን ያንብብልኝ። እኔ 420 ሺህ ብር ከፍዬ ተቃጥያለሁ።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው። እንደ ብዙው የደሴ ቤት ከመንገዱ ሲያዩት አንድ ነው፣ ከታች በኩል ሲመጡ ሁለት ይሆናል። የታችኛው ክፍል የጀርባ ግንቡ ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ ነው። ለግሸን ማርያም በየዓመቱ ከአዳማ ዘመድ ይመጣብናል፤ መስከረም 21 ሲቃረብ ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። ባለቤቴ «መታጠቢያና ሽንት ቤቱ ከውስጡ የሆነ አንድ ክፍል ከታች ብናወጣስ?» አለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው።

ዓምና ኅዳር ላይ በሰው በሰው አንድ ፎርማን መጣ። ግንቡን በመዳፉ ጠፍጠፍ አደረገና «ደረቅ ነው፣ አብሽር» አለኝ። በኅዳር ደሴ ላይ የማይደርቅ ግንብ አለ እንዴ? ያኔ አልመጣልኝም። በቁርጥ ተዋዋልን፤ 60 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው ቁልፍ ሲያስረክብ። ውሉ አንድ ገጽ ነው፣ «ሙሉ ፊኒሺንግ» ይላል። ርጥበት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ጥር መጨረሻ ላይ አስረከበ። ግድግዳው እስከ ወገብ ፒቪሲ፣ ከዚያ በላይ ጅብሰምና ስቱኮ፣ ወለሉ ላሚኔት። ያምራል፣ አልዋሽም። ጎረቤት እየመጣ አየልኝ፤ ሁለቱማ የፎርማኑን ስልክ ቁጥር ከእኔ ወስደዋል።

ሐምሌ ሲጋመስ መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የረጠበ ጆንያ ዓይነት። ቀጥሎ ከፒቪሲው በላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ግድግዳው ላይ ፈላ፤ ውሃው ከግንቡ ይዞት የወጣው ጨው ነው። ላሚኔቱ ጠርዝ ጠርዙን አበጠ። አንዱን ፒቪሲ በቢላ ፈልቅቄ ሳወጣው ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፣ ግንቡ ላይ ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል፣ ስቱኮውን በጣቴ ስነካው እንደ አይብ ተቆረሰ። ደወልኩለት፣ «የአየሩ ጠባይ ነው፣ መስኮት ክፈቱ» አለኝ። የጀርባው ግንብ ላይ የቱን መስኮት? ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ውሃ አፈሩን አጥግቦ ግንቡን ከውጭ ይገፋዋል። ከውስጥ የሚለጠፈው ሁሉ ውሃውን አያቆመውም፣ ይደብቀዋል እንጂ። እንዲያውም ፒቪሲው ግንቡ እንዳይተነፍስ አፍኖ ያባብሰዋል።

አክስቴ ለግሸን መጥታ አንድ ሌሊት እዚያ አደረች። ጠዋት ነጠላዋ ከተሰቀለበት እርጥብ ሆኖ ወረደ። ይሉኝታ ይዟት ብዙ ቆየችና «ልጄ፣ ይሄ ክፍል ጉንፋን ይዞታል» አለች። በማግስቱ «ከሰል አያይዤ ክፍሉን ላድርቀው» ያለችውን የእህቴን ልጅ ግን ተቆጥቼ ነው የመለስኳት። አየር በሌለበት ክፍል ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሳይሸት ይገድላል፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ሽንት ቤቱ የባሰ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መቀመጫውን እንደ ዙፋን ከፍ አድርጎ ሠራው። ከዚያ እስከ ሴፕቲኩ፣ ማለትም እስከ ፍሳሽ ማጠራቀሚያው፣ 11 ሜትር ነው። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል መውረድ አለበት፣ ማለትም 22 ሳንቲም። ቆይቼ ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልቼ ስለካው ያገኘሁት 6 ሳንቲም ነው። እንግዳ በበዛበት ቀን ምን እንደተመለሰ አልጽፈውም። እንዲህ ያለ ቦታ ፓምፕ ካልገባ ወይ ሴፕቲኩ ካልተቀየረ ሽንት ቤት አይሠራም።

ቀብድ ሳትሰጡ ግንቡ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ከላስቲኩ ሥር ካላበው ውሃው የሚመጣው ከግንቡ ነው፤ በእናንተ በኩል ካላበው የክፍሉ አየር ነው። ሙከራው ክረምት ላይ ይሁን፤ በኅዳር ብታደርጉት እንደ እኔው ፎርማን «ደረቅ ነው» ይላችኋል። አሸንዳችሁም የት እንደሚያፈስ እዩ። የእኔው ለካ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ግንብ ሥር ነበር የሚያራግፈው፤ ይሄ ጥፋት የእኔ ነው።

አሁን ከውጭ እያስቆፈርኩ ነው፤ ከወለሉ ዝቅ ብሎ ተቆፍሮ፣ ግንቡ ተለስኖ ሬንጅ ተቀብቶ፣ ሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦና ጠጠር ይገባል። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ውሉ ላይ በእጄ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «ከጠቅላላ ዋጋው 15 በመቶ የሚከፈለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግንቡ ታይቶ ነው።» ሁለቱ አልፈረሙም፣ ሄዱ። ሦስተኛው ፈረመ።