በ7 ግራም የተረታሁበት ታሪፍ፦ የፖስታ ቤት የትንሽ ጥቅል አገልግሎት ከዋጋ ለውጡ በኋላ

ኮፍያና የአንገት ልብስ በኪሮሽ እየሠራሁ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ክር መምረጡና መሥራቱ የእኔ፣ ፎቶ ማንሳቱና ከገዢ ጋር መጻጻፉ የእህቴ ልጅ ድርሻ ነው። ማሸጉና ፖስታ ቤት ሄዶ መሰለፉ ግን ተመልሶ እኔው ላይ ይወድቃል። የምገመግመው አገልግሎት «ትንሽ ጥቅል» የሚባለውን፣ እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ወደ ውጭ አገር የሚላክበትን ነው። ለዓመታት ስጠቀምበት አንድም ቀን በክፉ አንሥቼው አላውቅም። አዲሱ ታሪፍ ከወጣ በኋላ ግን ብዙ አንሥቼዋለሁ፤ አሁን ንዴቱ በርዶልኝ ስለሆነ የምጽፈው፣ የሚገባውን ምስጋናም አልነፍገውም።

ማስታወቂያው አንድ ገጽ ነበር። የአገልግሎቱ ዋጋ በአማካይ በጥቂቱ «እንደተሻሻለ» ይናገራል። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ዋጋ ሲወርድ ቀነሰ ይባላል፤ ሲወጣ ግን ተሻሻለ ነው የሚባለው። እኔም አማካዩን አይቼ «እሱስ ይቻላል» ብዬ ተቀመጥሁ። በሒሳብ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሴት በአማካይ መታለሌ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

የተታለልሁበትን ቀን ልንገራችሁ። የአንገት ልብሱ ራሱ 420 ግራም ይመዝናል። ካርቶኑ 62፣ መጠቅለያው ስስ ወረቀት 6፣ «ስለገዙን እናመሰግናለን» የምትለው ወፍራም ካርድ 9 ግራም፤ ድምሩ 497። በወጥ ቤት ሚዛኔ ሁለት ጊዜ መዝኜ፣ ከ500 በታች ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሚዛን 504 አለ። ፕላስተሩንና የአድራሻውን ወረቀት የለጠፍሁት ከመዘንሁ በኋላ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ 7 ግራሙ እሱ ነው። በድሮው ሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙም አይጎዳኝም ነበር፤ ዋጋው በየ100 ግራሙ ስለሚወጣ አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ እከፍል ነበር። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግን ደረጃዎቹ አራት ብቻ ሆነዋል፤ እስከ 250፣ እስከ 500፣ እስከ 1000፣ እስከ 2000። 504 ግራም ማለት 1000 ግራም ማለት ነው።

የመስኮቱ ሠራተኛ የተናገረችኝን ዋጋ ስሰማ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። እሷ ግን አልተቆጣችም። ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች ገልመጥ አድርጋ አይታ፣ «እናቴ፣ ውስጡ የሚቀነስ ነገር የለም?» አለችኝና በመስኮቱ ቀዳዳ መቀስ አቀበለችኝ። እዚያው ካርቶኑን ከፍቼ ካርዷን አወጣሁ። በራሷ ፕላስተር እንደገና አሸግንና ሚዛኑ ላይ መለስነው፦ 496። አንዲት የምስጋና ካርድ የግማሽ ኪሎ ዋጋ ልታስከፍለኝ ነበር። ለሠራተኛዋ ከአምስት ኮከብ አምስት።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ። ደረሰኞቼን ሁሉ ክብደታቸውን እየጻፍሁ ስለማስቀምጥ፣ የመጨረሻዎቹን 40 ጥቅሎች በድሮውና በአዲሱ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አሰላኋቸው። 22ቱ አንድ አንድ ኮፍያ የያዙ ናቸው፤ ታሽገው ወደ 130 ግራም ይመጣሉ። እነሱ ላይ የመጣው ጭማሪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሥራ አንዱ የአንገት ልብስ ናቸው፤ እነሱ በካርቶን እየታሸጉ ከ500 ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ዋጋቸው በግማሽ ያህል ዘልሏል። ቀሪዎቹ ሰባት ድብልቅ ናቸው። እንግዲህ ማስታወቂያው አልዋሸም። በ990 ግራም መጽሐፍ የሚልክ ሻጭ፣ ድሮም የ1000 ግራሙን ይከፍል ስለነበር ለውጡ የሚሰማው በጥቂቱ ነው። የእኔን ጭማሪ ከእሱ ጋር ደምረው ሲያካፍሉት «በጥቂቱ» ይሆናል። ታሪፍ ሲለወጥ ሰው ማንበብ ያለበት ማስታወቂያውን ሳይሆን ሠንጠረዡን ነው፤ እሱንም የራሱን ደረሰኞች ጎኑ ዘርግቶ።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ነዳጅ ጨመረ» የሚል ነው። ነዳጅ እውነት ነው፣ ግን ደረጃዎቹ ለምን እንደተዋሐዱ አይነግረኝም። የሚነግረኝን ያገኘሁት ፖስታ ቤቶች እርስ በርሳቸው በሚከፋፈሉት ገንዘብ ውስጥ ነው። በበርን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1874 የዓለም የፖስታ ኅብረት ሲመሠረት፣ እያንዳንዱ አገር ከላኪ የሰበሰበውን ለራሱ እንዲያስቀር ተስማምተው ነበር። ሐሳባቸው አንድ ደብዳቤ ሲሄድ መልሱ ይመጣል፣ ስለዚህ ልፋቱ ይቻቻላል የሚል ነው። ለደብዳቤ ያስኬዳል። የእኔ ኮፍያ ግን መልስ የለውም፤ ኮፍያ የላክሁለት ሰው ኮፍያ አይልክልኝም። የሚቀበለው አገር ፖስታ ቤት በነጻ ሲያድል የሚኖርበት ምክንያት ስላልነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ ላኪው ለተቀባዩ እንዲከፍል ተወሰነ። ይህ የመድረሻ ክፍያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ጄኔቫ ላይ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሥቶ፣ ብዙ ዕቃ የሚጎርፍባቸው አገሮች የራሳቸውን ዋጋ ቀስ በቀስ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ስምምነት ላይ ተደረሰ። አሜሪካ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ጀመረች።

ዋናው ነገር የመድረሻ ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ነው። በኪሎ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጥቅል ተብሎ ክብደት የማያውቅ ክፍያም አለው፣ በዚያ ላይ የኪሎው ይደመራል። ስለዚህ 60 ግራም ብትልኩም 240 ግራም ብትልኩም ፖስታ ቤቱ ላይ የሚወድቀው መነሻ ወጪ አንድ ነው። ትንንሾቹን ደረጃዎች ማዋሐዱ ከዚህ ሲታይ ትርጉም አለው። እንግሊዛዊው ሮውላንድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1837 ለደብዳቤ አንድ ወጥ ዋጋ ይውጣ ብሎ ሲከራከር ከማስረጃዎቹ አንዱ ይኸው ነበር፦ ገንዘቡን የሚበላው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የመቀበሉና የማደሉ ሥራ ነው። እኔም በዚህኛው ክፍል ፖስታ ቤቱን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር የማልለው ከ500 እስከ 1000 ያለውን ገደል ነው። እዚያ መካከል አንድ የ750 ደረጃ ቢኖር ምን ይጎድል ነበር?

እስኪቆጨኝ ድረስ የሞከርሁት ነገርም አለ። የአንገት ልብሱን ክብደት ለመቀነስ ከርዝመቱ ጥቂት ረድፍ አሳጠርሁ። 18 ግራም ወረደልኝ። የእህቴ ልጅ አንገቷ ላይ ጠምጥማው፣ «አክስቴ፣ ይህ እኮ አንገት ላይ ሳይደርስ ያልቃል» አለችኝ። ያን ዕለት ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ታሪፍ ካርቶኔ ውስጥ ይግባ እንጂ ኪሮሼ ውስጥ አይገባም።

መፍትሔው ካርቶኑ ሆኖ ተገኘ። 62 ግራም የሚመዝነውን ካርቶን ትቼ 14 ግራም በሚመዝን ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ጀመርሁ። ክር አይሰበርም፤ ካርቶኑ ለውበት ነበር። አንዲት ገዢ ተጨማድዶ ደረሰኝ ብላ ጻፈች፤ እንፋሎት አሳይተሽ ዘርጊው አልናት፤ በማግሥቱ ፎቶ ላከችልን። ከረጢት ስትመርጡ ግን መጠኑን እዩ፤ በዚህ አገልግሎት የጥቅሉ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ተደምሮ ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ጎኑም ከ60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የእኔ ዕቃ አጠገቡም አይደርስም።

እግረ መንገዴን ከፈጣን አድራሽ ድርጅቶች ጋር ላነጻጽር፤ ብዙ ሰው ፖስታ ቤት ሲጨምር ወደነሱ ለመሮጥ ያስባል። አንድ የተጣደፈ ገዢ ሁለት ባለ ኳስ ኮፍያና አንድ የአንገት ልብስ አዘዘኝ። ሁሉም ተደምሮ 710 ግራም መጣ። ካርቶኑ 30 በ25 በ12 ሴንቲ ሜትር ነበር። አድራሾቹ ግን ሚዛኑን ብቻ አያዩም፤ ሦስቱን ጎኖች አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ የሚመጣውን ኪሎ ከሚዛኑ ጋር አነጻጽረው የበለጠውን ያስከፍላሉ። የእኔ 9000 ሲካፈል 1.8 ሆነ፤ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 2 ኪሎ። የከፈልሁት ኮፍያው ጫፍ ላይ ላሉት ሁለት የክር ኳሶችና በዙሪያቸው ላለው አየር ነው። አይበደሉም፤ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከመክበዱ በፊት ይሞላል። በሚቀጥለው ጊዜ ኳሶቹን ወደ ኮፍያው ውስጥ አስገብቼ፣ 26 በ20 በ7 የሆነ ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቄ ላክሁ፤ በዚያው ስሌት 728 ግራም ወጣ፣ 1 ኪሎ ተከፈለበት። እንደዚያም ሆኖ፣ በዚያ ላይ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ የሚባለው በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ሲደመርበት፣ ለአንድ ኮፍያ የሚሆን መንገድ አይደለም። የፖስታ ቤቱ ትንሽ ጥቅል የሚያስከፍለኝ በሚዛን ብቻ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ቀላልና ጉብ ያለ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ከአዲሱ ታሪፍ በኋላም ርካሹ እሱ ነው።

ክትትሉ ላይ ደስተኛ አይደለሁም። ድሮ አደራ ሆኖ ይላክ የነበረው ጥቅል አሁን ተራ ሆኖ፣ አደራው ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ነገር ሆኗል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር እዩት፤ በሁለት የላቲን ፊደል ይጀምራል፣ ዘጠኝ አኃዝ ይከተላል፣ የላኪውን አገር በሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደሎች ያበቃል። የመጀመሪያው ፊደል «አር» ከሆነ አደራ ነው፣ ይፈረምበታል፣ ቢጠፋም ካሳ ይጠየቅበታል። «ዩ» ከሆነ ተራ ነው፤ ቁጥር አለው ብላችሁ አትጽናኑ፣ እስከ ገዢው በር ድረስ አይከተላችሁም፣ ቢጠፋ ካሳም የለውም። እኔ ይህን ሳላውቅ «ቁጥር አለው» እያልሁ ለገዢ ቃል ስሰጥ ከርሜያለሁ። አሁን ኮፍያውን በተራ፣ የአንገት ልብሱን በአደራ እልካለሁ።

ጉምሩክን ከታሪፍ ጋር የማያይዝ ሻጭም ይሳሳታል፤ ገዢ የሚያየው አንድ ድምር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ለሚደርስ ዕቃ ይሰጥ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ምሕረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አንሥቷል። አሜሪካ ደግሞ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ታስገባ የነበረውን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዘጋችው፤ ያን ሰሞን የብዙ አገር ፖስታ ቤቶች ወደዚያ ዕቃ መቀበል አቁመው ነበር። የእኔም ሦስት ጥቅሎች መስኮቱ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ሳምንታት አሳለፉ። በየሄድሁ ቁጥር አያቸዋለሁ፣ እነሱም የሚያዩኝ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ፖስታ ቤቱን የምወቅሰው ስለ መዘግየቱ ሳይሆን ስለ ዝምታው ነው። አንድ መልእክት ቢልክልን ለገዢዎቹ የምንለው አናጣም ነበር።

ጥቅሉ ላይ የሚሞላውን የጉምሩክ ቅጽ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። «ልብስ» ብላችሁ አትጻፉ። ለሹራብ ኮፍያ 650500፣ ለሹራብ የአንገት ልብስ 611710 የሚለውን የጉምሩክ ቁጥር ከእነ ዝርዝሩ ስጽፍ ነው ጥቅሎቼ መንገድ ላይ መክረማቸውን የተዉት። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ የዕቃው መረጃ ከዕቃው ቀድሞ በኮምፒውተር መላክ ስላለበት፣ በእጅ የተሞነጫጨረ ቅጽ ይዞ መስኮት መቆም የራስን ወረፋ ማስረዘም ነው።

ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። አንዱን የወሰድሁበት ለ500ው ገደል፣ ሌላውን ለዝምታው ነው። ትናንት አንድ የአንገት ልብስ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ፕላስተሩም አድራሻውም ተለጥፎ ሚዛኑ 456 አለ። ሠራተኛዋ መቀሱን ወደ መስኮቱ ልታስጠጋ ስትል «አያስፈልግም፣ ዛሬ ካርዷም ውስጥ ናት» አልኋት።